በአርባ ደቂቃ የሚያዝ ገዳይ

ደሴ ላይ ሲመሽ ብርዱ ሰውን በጊዜ ቤት ያስገባል። ሱቁ ይዘጋል፣ ከሰሉ ይያያዛል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ያኔ ነው እንግዲህ የወንጀል ድራማ የሚነግሠው። አንዱ በዲሽ ያያል። አንዱ በፍላሽ አስጭኖ ይመጣል። ልጆቹ በቴሌግራም አውርደው ስልካቸው ላይ ተደፍተው ያመሻሉ። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ሰዉ ደጅ ትንሽ ይቆያል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ከሁሉም ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚያየው ተከታታይ ገዳይ የሚታደንበትን ክፍል ነው። ይሄ ክፍል የትም አገር ቢሠራ አካሄዱ አይለወጥም። መጀመሪያ አንድ አስከሬን ይገኛል። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው። ከዚያ እንቅልፍ የሌለው፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ቡና ብቻ የሚጠጣ መርማሪ ይመጣል። ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በቀይ ክር ያገናኛቸዋል። ትክ ብሎ ያያቸውና «ዕድሜው ከሠላሳ እስከ ሠላሳ አምስት ነው። ብቻውን ይኖራል። እናቱን ይጠላል» ይላል። የላቦራቶሪዋ ልጅ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ ስታደርገው ስም ይወጣል። ከዚያ ሩጫ፣ ጨለማ ቤት፣ የእጅ ባትሪ። ሦስተኛዋ ሴት አንድ ሐሙስ ሲቀራት ትተርፋለች። ማስታወቂያው ሲቀነስ ጠቅላላው አርባ ደቂቃ ገደማ ነው።

ጎረቤታችን ሐጂ እንዲህ ያለ ክፍል ባለቀ ቁጥር «አንተ ልጅ፣ እውን ፈረንጆቹ እንዲህ ነው የሚይዙት?» ይሉኛል። አጭሩ መልስ አይደለም ነው። ረጅሙ መልስ ግን ከድራማው ይበልጥ ይጥማል። የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ብቻ ያዙልኝ።

ለምን ያስቸግራል?

ተከታታይ ገዳይ የሚባለው በተለያየ ጊዜና በተለያየ አጋጣሚ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2005 የጠራቸው ባለሙያዎች የተስማሙት በዚህ ነው። በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብዙ ሰው የፈጀ ሌላ ምድብ ውስጥ ይገባል።

ተራ የግድያ ምርመራ የሚጀምረው ከሟች ነው። ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር? በድንበር ከማን ጋር ይካሰስ ነበር? ለማን አበድሮ ነበር? መጨረሻ የደወለለት ማነው? ብዙ ጊዜ ገዳይ ሟችን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ መርማሪው እነዚህን እያጠያየቀ ይደርስበታል። ተከታታይ ገዳይ ላይ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም። ሟቿ ገዳይዋን አታውቀውም። ቂም የለም፣ ዕዳ የለም፣ ድንበር የለም። የሷን ኑሮ የፈለግነውን ያህል ብንፈትሽ የሱን ስም አናገኝም።

ሁለተኛው ችግር ፋይል ነው። አንዱ ግድያ እዚህ ጣቢያ፣ ሌላው ሌላ ከተማ ይመዘገባል። ደሴና ኮምቦልቻን አስቡ። በመሀላቸው ሀያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢኖር ነው። በሚኒባስ ቁልቁለቱን ለመውረድ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ወንጀለኛ የአስተዳደር ወሰን አይቶ አይቆምም፤ ፋይል ግን ይቆማል። ሁለት ጣቢያዎች ሁለት ፋይል ከፍተው መርማሪዎቹ ካልተነጋገሩ፣ አድራጊው አንድ ሰው መሆኑ የሚገለጥለት የለም። አሜሪካኖች ለዚሁ ብለው በ1985 ቫይካፕ የሚባል የመረጃ ቋት አቋቋሙ። የየከተማው ፖሊስ ያልተፈቱ ግድያዎችን ዝርዝር እየሞላ እንዲልክና ተመሳሳዮቹ እንዲገናኙ ነው። በአገር ደረጃ መሙላቱ ግዴታ ስላልሆነ ግን ብዙ ጣቢያ አይሞላም። ቅጽ መሙላት የሚወድ ፖሊስ የትም አገር ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን ችግር ድራማው ብዙም አይነካውም። እሱም የሟቾቹ ማንነት ነው።

በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ከአንድ ድሃ ሰፈር ሴቶች ይጠፉ ነበር። ብዙዎቹ በሱስ የተያዙ፣ በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ነበሩ። ከአገሬው ነባር ሕዝብ የሚወለዱትም ብዙ ናቸው። ቤተሰብ ያመለክታል፤ ጉዳዩ ግን ወዴት ሄዳ ይሆናል እየተባለ ይገፋል። ኪም ሮስሞ የሚባል የከተማዋ ፖሊስ መርማሪ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተከታታይ ገዳይ ሊኖር ስለሚችል ሕዝቡ ይነገረው ብሎ ነበር። አለቆቹ አልተቀበሉትም። በ2002 መጀመሪያ ፖሊስ ሮበርት ፒክተን የሚባል አሳማ አርቢ እርሻ ገባ። የገባውም በሕገወጥ ጦር መሣሪያ ጥርጣሬ ነበር። እዚያ ግን የጠፉት ሴቶች ዕቃ ተገኘ። ሰውየው በ2007 በስድስት ሴቶች ግድያ ጥፋተኛ ተባለ። የሌሎች ሃያ ሴቶች ክስ ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ።

እኛ ጋ ሰው ሲጠፋ ዕድሩ አለ፣ ጎረቤቱ አለ እንላለን። እውነት ነው፤ ቡና ስትጠራ ያልመጣች ሴት በማግስቱ ትጠየቃለች። ለሁሉም ሰው ግን አይሠራም። በባቲ በኩል ወደ አፋር ወርዳ፣ ከጅቡቲ ባሕር ተሻግራ ዓረብ አገር ልትገባ የወጣች ልጅ ስልኳ ለወራት ቢዘጋ ቤተሰቧ «መንገድ ላይ ናት» ብሎ ነው የሚጠብቃት። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከየወረዳው መጥተው አንድ ክፍል ተጋርተው የሚከራዩ ልጆች አሉ። አንዷ ሳትመለስ ብትቀር «አገሯ ገብታ ነው» ይባላል። ገዳይ አለ እያልኩ አይደለም፤ አብሽሩ። የቫንኩቨሩ ሰው ለዓመታት ያልተያዘው እንደ ፊልሙ ገዳይ ጭንቅላቱ ልዩ ስለነበር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። የሴቶቹን ቤተሰቦች ጩኸት ከቁም ነገር የሚቆጥር አልነበረም።

ሰውየውን ሳያዩ መሳል

ድራማው በጣም የሚወደው የገዳዩን ጠባይ ከሩቅ የሚስለውን ባለሙያ ነው። ሥራው ፕሮፋይል ይባላል። ዝናው የመጣው ከኒውዮርክ ነው። ከ1940 ጀምሮ ለ16 ዓመታት ቦምብ እያጠመደ ከተማዋን ያሸበረ ሰው ነበር። አልገደለም፤ ያቆሰላቸው ግን አሉ። በ1956 ፖሊስ ጄምስ ብራስል የሚባል የአእምሮ ሐኪም አማከረ። ሐኪሙ የቦምበኛውን ደብዳቤዎች አንብቦ ብዙ ነገር ገመተ። ስትይዙት ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮት ለብሶ፣ ቁልፉም ተቆልፎ ታገኙታላችሁ እስከማለት ደረሰ ይባላል። በጥር 1957 ጆርጅ ሜተስኪ ተያዘ። ፖሊስ ሲደርስ የሌሊት ልብስ ነበር የለበሰው። ልብስ ቀይር ሲሉት ያንኑ ዓይነት ኮት ለብሶ፣ ቆልፎ ወጣ። በቃ፣ ሐኪሙ ጠንቋይ ተባለ። ያልገጠሙት ግምቶቹ ተረሱ።

ሰውየውን ያገኘችው ግን አሊስ ኬሊ የምትባል የከተማዋ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የቢሮ ሠራተኛ ናት። የድሮ የካሳ አቤቱታዎችን ስታገላብጥ ከቦምበኛው ደብዳቤ ጋር ቃላቱ የሚመሳሰል ማኅደር አጋጠማት። ሜተስኪ ሥራ ላይ ተጎድቶ ካሳ የተከለከለ የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ነበር። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይሄን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል። እኔ ግን እስካሁን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አክተር የሆነችበት ክፍል አላየሁም።

ኤፍቢአይ የባሕርይ ጥናት ክፍሉን ያቋቋመው በ1972 ነው። ሮበርት ሬስለርና ጆን ዳግላስ የሚባሉ መርማሪዎቹ ቆየት ብለው እስር ቤት እየዞሩ ወንጀለኞቹን ራሳቸውን ማነጋገር ጀመሩ። ጥናቱ 36 ሰዎችን ያዘ። ከዚህ ተነስተው ገዳዮችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ የተደራጀ ነው፤ አቅዶ ይሄዳል፣ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ይዞት ይመለሳል። ሌላው ያልተደራጀ ነው፤ በደመ ነፍስ ያጠቃል፣ ሁሉን አዝረክርኮ ይሄዳል። ለድራማ ደራሲ ይሄ ሰማይ የላከው ሲሳይ ነው። ለሳይንስ ግን 36 ሰው ጥቂት ነው። ያውም የተያዙና ለማውራት የፈቀዱ ብቻ። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ካንተርና ባልደረቦቹ በ2004 የ100 አሜሪካውያን ተከታታይ ገዳዮችን ድርጊት መርምረው አከፋፈሉ እንደማያስኬድ አሳዩ። አብዛኛው ገዳይ ከሁለቱም ባሕርይ አለው።

ፕሮፋይል ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ካንተር ራሱ በ1986 ለንደን አካባቢ በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ ሴቶችን ያጠቃ የነበረውን ሰው ለማግኘት ፖሊስን ረድቷል። የት አካባቢ እንደሚኖርና ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሰጠው ግምት ከረጅም የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ጆን ዳፊን ወደ ላይ አወጣው። ፕሮፋይል የሚሠራው ይሄን ነው። ስም አያወጣም፤ ወረፋ ያስተካክላል። ቀድሞ የሚጠየቀው ማን ይሁን የሚለውን ይመልሳል። ለዚያ ደግሞ ወረፋው፣ ማለትም የስም ዝርዝሩ፣ በተራ የፖሊስ ልፋት ቀድሞ መሰብሰብ አለበት።

ዘጠኝ ጊዜ ያለፉት ሰው

ሐጂን ከሁሉ ያስገረማቸው የዮርክሻየሩ ታሪክ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ከ1975 እስከ 1980 ፒተር ሳትክሊፍ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር 13 ሴቶችን ገደለ። ፖሊስ በምርመራው ወቅት ሰውየውን ዘጠኝ ጊዜ አነጋግሮታል። ዘጠኝ! እያንዳንዱ ጊዜ ተመዝግቧል። መዝገቡ ግን የወረቀት ካርድ ነበር። ካርዱ ደግሞ እንደ ተራራ ተከምሯል። ስምንተኛውን ጊዜ የሚያነጋግረው ፖሊስ ከሱ በፊት ማን ምን ብሎ እንደጠየቀው ሳያውቅ ይሄዳል።

በ1977 ከአንዷ ሟች ቦርሳ አዲስ የአምስት ፓውንድ ኖት ተገኘ። ፖሊስ የኖቱን ቁጥር ይዞ ባንክ ገባ። ባንኩ ገንዘቡን ለደመወዝ ለየትኞቹ ድርጅቶች እንዳወጣ ተጣራ። ሳትክሊፍ የሚሠራበት ድርጅትም ከነዚያ አንዱ ነበር። በዚህ ጉዳይ ብቻ ሁለት ጊዜ አነጋገሩት። የሰጠውን መልስ ተቀብለው ሄዱ።

ከዚያ ደግሞ ካሴቱ መጣ። በ1979 አንድ ሰው ራሱን ገዳዩ አስመስሎ ድምፁን ቀርጾ ለምርመራው ኃላፊ ላከ። ቀደም ብሎ ደብዳቤም ልኮ ነበር። ዘዬው የሰንደርላንድ አካባቢ ነበር። ኃላፊዎቹ አመኑት። ከዚያ ወዲህ የዚያ አካባቢ ዘዬ የሌለው ሰው ከተጠርጣሪነት እየወጣ ሄደ። የሳትክሊፍ ዘዬ ሌላ ነበር፤ እሱም ወጣ። ከካሴቱ በኋላ ሌሎች ሴቶች ሞተዋል። ቀላጁ ጆን ሀምብል ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ በፖስታው ላይ በተገኘ ዲኤንኤ ተለየ፤ በ2006 ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

እና እንዴት ተያዘ? በጥር 1981 ሼፊልድ ከተማ ሁለት ፖሊሶች በተለመደ ጥበቃ ላይ የቆመ መኪና አዩ። ታርጋው የሌላ መኪና ነበር። ሾፌሩን ወሰዱት። ከመወሰዱ በፊት ሽንቴን ልሽና ብሎ ለአፍታ ዞር ብሎ ነበር። አንደኛው ፖሊስ በማግስቱ ነገሩ ከነከነውና ወደዚያው ቦታ ተመለሰ። መዶሻና ቢላዋ አገኘ። አምስት ዓመት የፈጀ አደን በተሰረቀ ታርጋና በአንድ ፖሊስ ጥርጣሬ አለቀ።

እንግሊዞች ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለቴሌቪዥን አይመችም። የኮምፒውተር መዝገብ ሠሩ። ስሙን ከልብ ወለዱ መርማሪ ከሼርሎክ ሆምስ እንዲገጥም አድርገው ሆምስ አሉት። ዋናው ሥራው አንድ ስም ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ «ይሄ ሰው ከዚህ በፊት መጥቷል» ብሎ ማስታወስ ነው። በኔ ግምት ተከታታይ ገዳይን በመያዝ ረገድ ከመቶ ሊቅ መርማሪ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ካርታው

ቅድም ያነሳሁት ኪም ሮስሞ ያንን ማስጠንቀቂያ የሰጠው በግምት አልነበረም። በ1990ዎቹ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው ወንጀሉ ከተፈጸመባቸው ቦታዎች ተነስቶ የወንጀለኛውን መኖሪያ በሚገምት ቀመር ላይ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወንጀለኛም ሰው ነው፤ የሚያውቀውን አካባቢ ይመርጣል። ሩቅ መሄድ ይደክማል፣ ሩቅ ቦታ መውጫ መግቢያው አይታወቅም። ደጁ ላይ ደግሞ አይሞክርም፤ ጎረቤት ይለየዋል። ስለዚህ ቤቱ ከወንጀሎቹ ብዙም ሳይርቅ፣ ግን ራሱ ሳይነካ የሚቀር ቦታ ላይ ይሆናል።

ለማየት እንዲቀል ግድያውን ትተን ሞባይል መንታፊ እንውሰድ። አንድ ልጅ ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሆጤና ሰኞ ገበያ ስልክ ይመነትፋል እንበል። አንድ ስርቆት ምንም አይነግረንም። አምስት ስድስት ሲሆን ካርታው መናገር ይጀምራል። ደሴ ግን ክብ ከተማ አይደለችም። በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል ተጣብቃ በርዝመቷ የተዘረጋች ናት። ወረቀት ላይ የሚቀራረቡ ሁለት ሰፈሮች መሀላቸው ገደል ይኖራል። ስለዚህ በማስመሪያ ቀጥታ መለካት ያሳስታል። ቀመሩ የሚጠቀመውም እንደ ከተማ መንገድ እየታጠፈ የሚሄድ ርቀት ነው።

ልጁ ጠዋት ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ከሆነ ግን ቀመሩ ከንቱ ነው። ስርቆቶቹ በሙሉ መናኸሪያው ዙሪያ ይሰበሰቡና ፖሊስን መናኸሪያው አጠገብ ቤት ለቤት ሲያስዞር ይውላል። ዘዴው የሚያገለግለው ከቤቱ ተነስቶ ዙሪያውን ለሚያጠቃ ሰው ብቻ ነው።

ቃል ሰጠ፣ አለቀ?

የክፍሉ መጨረሻ ብዙ ጊዜ የምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። መርማሪው ጠረጴዛ ይመታል፣ ተጠርጣሪው ያለቅሳል፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ሰውም «እፎይ» ይላል።

ሲያዙ የሚነገረውን «ያለመናገር መብት አለህ» የሚል ቃል ብዙ ሰው የአሜሪካ ጌጥ አድርጎ ያየዋል። የኛም ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃልም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ይደነግጋል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር። በማስገደድ የተገኘ ቃል ደግሞ ተቀባይነት የለውም። የቴሌቪዥኑ መርማሪ አንገት አንቆ ያመጣው ቃል ደሴ ችሎት ቢቀርብ ጥሩ ጠበቃ ያስጥለዋል።

ሕጉ በእምነት ቃል ላይ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ለወንጀለኛ አዝኖ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሌስተርሻየር በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። ለሁለተኛው ግድያ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ተያዘ። አመነ። የመጀመሪያውን ግን አልገደልኩም አለ። ፖሊስ ሁለቱንም አንድ ሰው እንደገደላቸው እርግጠኛ ነበር። በአቅራቢያው ባለው ሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ የሚባል ሳይንቲስት በ1984 ሰውን በዲኤንኤ የሚለይ ዘዴ አግኝቶ ነበርና፣ ልጁን ከሁለቱም ግድያ ጋር አገናኝልን አሉት። ውጤቱ ሌላ ሆነ። ሁለቱንም የገደለው በእርግጥም አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ልጁ አይደለም። ዲኤንኤ በግድያ ምርመራ ታሪክ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ንጹሕ ሰው ማስፈታት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ሐጂ ከኔ ቀድመው ገባቸው። «አውጫጭኝ ነዋ!» አሉ። አፈርሳታም ይባላል። ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ። ድሮ ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ሰዉ አይበተንም። በግልጽ መመስከር የፈራም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ የሰማውን ይጠቁማል። በ1987 የሌስተርሻየር ፖሊስ በሦስት መንደሮችና ዙሪያቸው ያሉ ወጣት ወንዶችን ጠርቶ ደምና ምራቅ ሰበሰበ። ወደ 5,000 የሚጠጉ ናቸው። አንድም የገጠመ አልነበረም።

ለምን? ገዳዩ ኮሊን ፒችፎርክ አብሮት ዳቦ ቤት የሚሠራ ባልደረባውን መታወቂያ አስይዞ በሱ ስም ደም እንዲሰጥ ልኮት ነበር። ባልደረባው በኋላ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ይህንኑ አወራ። የሰማች ሴት ለፖሊስ ተናገረች። ፒችፎርክ በመስከረም 1987 ተያዘ፤ ዲኤንኤውም ገጠመ። ያ ሁሉ ደም ያልነገራቸውን ወፏ ነገረቻቸው።

ዛሬ ዘዴው ብዙ ርቋል። በካሊፎርኒያ ከ1970ዎቹ እስከ 1986 ድረስ 13 ሰዎችን የገደለና ብዙ ሴቶችን የደፈረ ሰው ለአሥርት ዓመታት ሳይታወቅ ኖረ። ፖሊስ ዲኤንኤው ነበረው፤ የሚያገናኘው ስም ግን አልነበረውም። በ2018 መርማሪዎች ሰዎች የሩቅ ዘመዳቸውን ለመፈለግ ዲኤንኤያቸውን በፈቃዳቸው ወደሚጭኑበት የኢንተርኔት ቋት አስገቡት። ገዳዩ አልተገኘም፤ የሩቅ ዘመዶቹ ግን ተገኙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እኛ ጋ ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ነው። ወደ ላይ ወጥተው የጋራ ቅድመ አያት አገኙ፤ ከዚያ በልጅ በልጅ ልጅ እየወረዱ ዕድሜውና አካባቢው የማይገጥመውን ጣሉ። ጆሴፍ ዲአንጀሎ ቀረ። የቀድሞ ፖሊስ ነበር።

ላቦራቶሪውን እንደ ታቦት የሚያዩት ደግሞ የጀርመንን ጉድ ይስሙ። ከ1993 ጀምሮ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወደ 40 በሚጠጉ የወንጀል ቦታዎች የአንዲት ሴት ዲኤንኤ ይገኝ ነበር። ግድያ ላይ አለች፣ ስርቆት ላይ አለች። በ2007 ሃይልብሮን ከተማ አንዲት ፖሊስ ስትገደልም ተገኘች። ለያዛት 300,000 ዩሮ ተዘጋጀ። በ2009 እውነቱ ወጣ። ሴትየዋ ለናሙና መሰብሰቢያ የሚሆነው ባለ ጥጥ እንጨት ከሚመረትበት ፋብሪካ የምትሠራ ምስኪን ናት። ጥጡ ከጀርም ነጻ ተደርጎ ነበር፤ ጀርም ማጥፋት ግን ዲኤንኤ አያጠፋም። መርማሪዎቹ ለዓመታት ሲያሳድዱ የኖሩት የራሳቸውን ጥጥ ነበር።

የቴሌቪዥኑ ክፍል ካቴና ሲጠልቅ ያልቃል። ካቴናው ከጠለቀ በኋላ ያለውን ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። መርማሪው የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድለትም። ከዚያ ፋይሉ ለዓቃቤ ሕግ ይላካል። ዓቃቤ ሕጉ በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ጠቅሶ ለከባድ ግድያ ቢከስ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ግድያ ለብቻው በማስረጃ መቆም አለበት፤ «ያኛውን ከገደለ ይሄንንም እሱ ነው» ብሎ ዳኛ ፊት መቆም አይቻልም።

ዲአንጀሎ ከተያዘበት ሚያዝያ 2018 እስከተፈረደበት ነሐሴ 2020 ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፏል። ዕድሜ ልክ ከመፈረዱ በፊት ፍርድ ቤቱ ለሦስት ቀን ሌላ ነገር አልሰማም። ከጥቃቱ የተረፉትና የሟች ቤተሰቦች ተራ በተራ እየተነሡ፣ እሱ ፊታቸው ተቀምጦ፣ ያደረሰባቸውን ተናገሩ።